ከታች በግራ በኩል

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ይህ ደብተር የደንበኞቿ ልኬት መመዝገቢያ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች ላይ የማላውቃቸው ሴቶች የወገብና የደረት ቁጥር ሰፍሯል። ዛሬ የተረፈውን ባዶ ገጽ ሰጠችኝና፣ "እዚህ ላይ አጉረምርም፤ የኔ ጆሮ አልቋል" አለችኝ። እሺ፣ አጉረመርማለሁ።

የሥዕል ጠረጴዛዬን ወሰዱት። ሁለት ጎረምሶች መጥተው እንደ አስከሬን በራስጌና በግርጌ ይዘው አወጡት። በቦታው ኮምፒውተር ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ ከኔ በአሥር ዓመት ያንሳል፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ በሦስት ወር እንደምለምደው ነገረኝ። ካልለመድኩስ ብዬ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። በደንብ ተግባባን።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሕንፃ አጥንት ስስል ነው የኖርኩት። መሐንዲሶች ያሰላሉ፣ እኔ ምሰሶውን፣ ምሰሶዎቹ ላይ የሚጋደመውን ቢም፣ ቢሙ ላይ የሚያርፈውን የወለል ሶሌታ፣ አርማታው ውስጥ የሚቀበረውን ፌሮ አንድ በአንድ በቀለም አሰምራለሁ። ስሳሳት በምላጭ እፍቃለሁ። ቢሮ ውስጥ "ጋሼ ማስመሪያ" ይሉኛል። ፊት ለፊቴ አይደለም፣ ግን ግድግዳችን ስስ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አስተማሪዬ ኢንጂነሯ ናት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። በዕድሜ ከእሷ የሚበልጥ ቀለም አለኝ።

መጀመሪያ ማውሱን ያዙ አለችኝ። በዕድሜዬ አይጥ ይዤ አላውቅም አልኳት። አልሳቀችም። ከኔ በፊት ሌላ ሽማግሌ ነግሯት ይሆናል።

መስመር መሳል እንዲህ ነው፦ መስመር በል ብለህ ታዘዋለህ፣ መነሻውን ትነካለህ፣ መድረሻውን ትነካለህ። ነካሁ፣ ነካሁ። መስመሩ ግን አልተወኝም። እጄን ባነሳሁ ቁጥር እንደ ላስቲክ እየተለጠጠ ይከተለኛል። ወደ በሩ ባይ ወደ በሩ ሊመጣ ነው። ኢንጂነሯ ጎንበስ ብላ፣ "ጋሼ፣ እኮ ከታች እየጠየቀዎት ነው" አለችኝ። ለካ ኮምፒውተሩ ከስክሪኑ ግርጌ በስተግራ በትንንሽ ፊደል ይጠይቃል፤ ቀጣዩ የት ነው? በቃህ? እያለ። እኔ ሳልመልስለት እሱ ሲጠብቀኝ፣ እሱ ሳያቆም እኔ ስሰድበው ግማሽ ቀን አለፈ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

አራት ማዕዘን፦ ተሳካ። ክብ፦ ተሳካ፣ ከሕንፃው ግን ይበልጣል። ምሰሶ፦ ሠላሳ ሳንቲም በሠላሳ ሳንቲም ያልኩት ሠላሳ ሜትር በሠላሳ ሜትር ሆኖ ወጣ። እንዲህ ያለ ምሰሶ ላይ ከተማ ይቆማል።

ከሰዓት የመጀመሪያ ሥዕሌን ለማተም ሞከርኩ። ባዶ ወረቀት ወጣ። ደግሜ አተምኩ፤ ባዶ። ኢንጂነሯ ፈልጋ ፈልጋ ሥዕሌን በሥዕሉ ልኬት ሰባት ኪሎ ሜትር ርቆ አገኘችው። እንዴት እዚያ እንደደረሰ እኔም አላውቅም። ምናልባት ከኔ እየሸሸ ነበር።

ሦስት ጊዜ "ከታች ያንብቡ" ተባልኩ።

እሑድ፣ የካቲት 9

ቤት ነኝ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ሚስቴ የማን እንደሆነ የማላውቀውን ቀሚስ በጠመኔ እያሰመረች ነው። የእሷ መስመር አይከተላትም፤ ባቆመችበት ይቆማል። ቀናሁባት።

ደግሞ ዛሬ ነገር አብዝታብኛለች። ሳህኔ ላይ በግራ በኩል ያለውን ምግብ ለምን እንደተውኩት ጠየቀችኝ። ጠግቤ ነው አልኳት። ሻይ ስቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ማፍሰሴን አነሳች። እጄ ነው፣ አይጥ ሲይዝ ሰንብቶ ደንዝዟል አልኳት። የበሩን መቃን በትከሻዬ መምታቴን አነሳች። ቤቱን የሠራው ሰው በሩን አጥብቦታል አልኳት። በዚህ በር ሃያ ሁለት ዓመት ገብተናል ወጥተናል አለችኝ። በአጠበበው ሰው ላይ ያለኝ ቅሬታ አዲስ አይደለም ብዬ መለስኩ። ለሁሉም መልስ አለኝ። መልስ ካጣሁ ያኔ ነው ማርጀቴ።

በመጨረሻ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ እንደያዘችልኝ ነገረችኝ። መጋቢት 3። መነጽሬ አርጅቷል፣ ይቀየር፣ ምን ችግር አለው።

ሰው በዚህ ዕድሜው መማሩ ራሱ ድካም ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ወረቀት የያዝኩ ሞኝ ነኝ፣ ድርብ ነው ችግሩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ይኸው ጉድ፣ ለመድኩት። መስመሮቹ ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙ ትንሽ አረንጓዴ ካሬ ብልጭ ትላለች፤ ያንን ሳይ እንደ ሕፃን ደስ ይለኛል። በእጅ አንድ ቀን የሚፈጅብኝን ሃያ ምሰሶ ዛሬ አንዱን ስዬ አሥራ ዘጠኙን ቀዳሁ። ሥራ አስኪያጁ ከጀርባዬ ቆሞ አይቶ፣ "ሰውዬውን አታዩትም!" ብሎ ለክፍሉ ሁሉ አወጀ። እኔም ምንም እንዳልሰማ ሰው ወንበሬን አስተካከልኩ። የሰማሁት ግን በሁለት ጆሮዬ ነው።

የጤና ጣቢያው ሥራ ተሰጠኝ። ባለ አንድ ፎቅ ነው። ኢንጂነሯ አስልታዋለች፣ እኔ እስላለሁ፣ እሷ አይታ ትፈርማለች። በቅርቡ የሙያ ፈቃድ ልትወስድ ነው፤ ለዚያ የሥራ አስኪያጁ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋታል። ይህ ሥራ በሰላም ከወጣ ደብዳቤው የእሷ ነው። ስትነግረኝ ዓይኗ ይስቃል። እኔ አለሁልሽ አልኳት። እንዲህ የሚል ሰው ሁልጊዜ መጠርጠር ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ጥድፊያ። መሠረቱ ወጥቶ ሠራተኛው ሥዕል እየጠበቀ ነው፤ ነገ የምሰሶው ዝርዝር፣ ሰኞ የፎቁ ሶሌታ።

ኢንጂነሯ እንደ ድመት ነው የምትመጣው፤ ከግራዬ ድንገት ብቅ ስትል ዘልዬ ሻዬን ደፋሁ። ይቅርታ ጠየቀችኝ። እዚያ ቆማ ስትጠብቀኝ ቆይታለች አሉ።

የቆሻሻ ቅርጫቱን ማን ነው መሄጃ ላይ የሚያስቀምጠው? ሁለቴ ረገጥኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ጨረስኩት! የጤና ጣቢያው የፎቅ ሶሌታ ፕላን። ወረቀቱ ሲታተም ቆሜ ጠበቅኩት፤ ማዋለጃ ክፍል በር ላይ እንኳ እንዲህ አልጠበቅኩም።

መጨረሻ ላይ ያለው ሥራ ማጽዳት ነው። መስመሮች ሲቋረጡ ትርፉ ጫፍ ይቆረጣል። መቁረጫውን ታዘዋለህ፣ የማትፈልገውን ትነካለህ፣ እልም ይላል። እንደ ምላጬ ነው፤ ምላጬ ግን ፍርፋሪ ይተዋል፣ ወረቀቱ ላይ ጠባሳው ይታያል። ይህ ምንም አይተውም። ነካሁ፣ ነካሁ፣ ነካሁ። ከታች የሆነ ነገር ጠየቀኝ መሰለኝ፣ አዎ ብዬ አለፍኩት። ሁሉንም ሦስት ጊዜ አየሁት። ልቅም ያለ ነው።

ኢንጂነሯ የራሷን ስሌት ይዛ መጣች፣ ቁጥሮቹን አስተያየች፣ ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች ቃኘት አደረገችና፣ "የጋሼን መስመር ማን ይፈትሻል" ብላ ፈረመች። ይህን አባባል ለሚስቴ አምስት ጊዜ ደገምኩላት። በአምስተኛው ክፍሉን ለቃ ወጣች።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

የዓይን ቀጠሮውን ሰረዝኩት። ሥራ በዝቷል። ለሚስቴ ሐኪሟ የለችም ብዬ ነገርኳት። ውሸት ነው። ይህን ገጽ እንዳታነብ ከፊተኛው ገጽ ጋር አጣብቀዋለሁ።

እንዲሁ ሐኪም ቤት አልወድም። አባቴን እወስደው ነበር። አናጺ ነበር፤ በመጨረሻው ዘመኑ እንጨቱን በጣቱ እየዳሰሰ ነበር የሚለካው። በሩን እየሳተ ግድግዳውን ያንኳኳ ነበር። ይህን ለምን እዚህ እንደጻፍኩት አላውቅም። ስለ መነጽር ነበር የማወራው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

የጤና ጣቢያው ፎርማን ከሥራው ቦታ ደወለ። ነገ አርማታ ሊያፈሱ የእንጨት ቅርጹ፣ ካሳፎርማው፣ ተሰናድቶ፣ ፌሮው ታስሮ አልቋል። ሰውየው ጮሆ የሚያወራ ነው፤ ዛሬ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው፣ ያ ነው ያስፈራኝ። "ጋሼ፣ የቢም ዝርዝሩ ዘጠኝ ይላል። ፕላኑ ላይ ስምንት ነው ያለው። እዚህ ደረጃው ጥግ ላይ ሶሌታው በምን ላይ ነው የሚያርፈው?"

አንተ መቁጠር አትችልም አልኩት። በእውነት እንዲህ አልኩት።

ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋሁ። አየሁት። ዘጠኝ። ፎርማኑ ስምንት ይላል፣ እኔ ዘጠኝ አያለሁ። ኢንጂነሯ መጥታ ጣቷን ጥጉ ላይ አሳረፈች። ጣቷን አሳርፋ ካቆየችው በኋላ ነው ባዶ መሆኑን ያየሁት። ዘጠነኛውን ቢም የሚሠሩት ሁለቱ መስመሮች የሉም። ከወረቀቱ ከታች፣ በግራ በኩል።

አርማታው ቆመ። ማንም አልተጎዳም። ፎርማኑ ባይቆጥር ኖሮ ሕዝብ የሚወጣበት የሚወርድበት ደረጃ ጥግ ሶሌታ በአየር ላይ ይንሳፈፍ ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ስብሰባ። አምስት ደቂቃ የማይሞላ።

ሥራ አስኪያጁ ማን እንደሳለው አልጠየቀም፤ ማን እንደፈረመ ነው የጠየቀው። ኢንጂነሯ፣ እኔ፣ አለች። ወደኔ ዞሮ መስመሩ እንዴት እንደጠፋ ሲጠይቀኝ፣ "ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ስዬው ነበር። ኮምፒውተሩ ሲያስቀምጠው በልቶት ይሆናል" አልኩ። ይሆናል። ሰው ሲፈራ ይህቺን ቃል ነው የሚጨምራት።

ኢንጂነሯ ኮምፒውተር መስመር እንደማይበላ ታውቃለች። አየችኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ኢንጂነሯን ጉዳዩ እስኪጣራ ቤቷ እንድትቀመጥ አሏት። የድጋፍ ደብዳቤዋ ቀርቷል።

በስሱ ግድግዳ በኩል ሒሳብ ሠራተኛዋ ለጸሐፊዋ ስትናገር ሰማሁ፦ "ልጅቷ ቸኮለች። እንኳንም ጋሼ ማስመሪያ ኖሩልን።" ጆሮዬ ጋለ። ተነስቼ ልናገር አሰብኩ። በኋላ ግን ማሰብ በቂ ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ይህን ተረት የፈጠረው ሰው አንድ ቀን አይጥ በእጁ ይዞ የሚሠራ ሽማግሌ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ቅዳሜን ዝም ብዬ አሳለፍኩ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ዛሬ ነቀዘ።

ከቁርስ በኋላ ሚስቴ የተጣበቀውን ገጽ ከፍታ ማንበቧን ነገረችኝ። ሠላሳ ዓመት የተሰፋ ስትተረትር የኖረች ሴት ገጽ ማላቀቅ አያቅታትም፤ እኔ ነኝ ሞኙ። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ መልስ ነበረኝ። ጠረጴዛውን ጠርጋ ጥቁር ጨርቅ አነጠፈች፣ ነጭ የልብስ ቁልፎቿን አንድ በአንድ ደረደረች፣ አንዲት ቀይ ቁልፍ መሐል አስቀመጠች። ቀይዋን ብቻ እያየህ ነጮቹን ቁጠር አለችኝ። ይህ የልጆች ጨዋታ ነው አልኩና ቆጠርኩ።

"አሥራ አራት" አልኳት።

"ሃያ ናቸው።"

ዓይኔን አዛወርኩ። ሃያ ናቸው። ስድስቱ ከታች በግራ በኩል በሰልፍ ተቀምጠዋል፤ ሲያዩኝ ሲያዩኝ የቆዩ ይመስላሉ። ዓይኔን ወደ ቀይዋ መለስኩ፣ ጠፉ። የሚገርመው ጥቁር ነገር ወይም ጭጋግ አይታይም። ጨርቁ ብቻ ነው የሚታየው፣ ልቅም ያለ፣ ሙሉ ጨርቅ። አምስት ጊዜ ሞከርኩ። አንዴ አሥራ አምስት ብዬ ዋሸኋት፤ ከቀይዋ ላይ ዓይኔን ማንሳቴን አይታብኛለች።

ከዚያ የቀረውን ሁሉ በየተራ ራሴ አወጣሁት። በሩን የሠራው ሰው ምንም አላጠበበም። ቅርጫቱን መሄጃ ላይ ያስቀመጠ የለም። ኢንጂነሯ ድመት አይደለችም። ኮምፒውተሩም ጥያቄውን ደብቆብኝ አያውቅም፤ ጥያቄውን የሚጽፍልኝ ልክ እነዚያ ስድስት ቁልፎች ያሉበት ቦታ ነው።

ሚስቴ ቁልፎቹን እየሰበሰበች፣ "ነገ ነው ወይስ ማክሰኞ የምንሄደው?" አለች። እሄዳለሁ አላልኩም። "ወይስ" ያለችው ለቀኑ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። አባባ አለችኝ። አምሳ ሰባት ዓመቴ ነው ብዬ ላርማት ነበር፣ ግን አገጬን ብረት ላይ አስደግፋ ስለነበር አፌ አልተከፈተም።

በዓይኔ ውስጥ ያለው ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ ቆይቷል። ግላኮማ ይባላል። ሳያም ሳይጮህ ነው የሚሠራው። ሁለቱም ዓይኖቼ ተጎድተዋል፤ የግራው ብሷል፣ ሁለቱም የማያዩት አንድ ቦታ አለ። እንዴት አይታወቀኝም ብዬ ጠየቅኳት። አእምሮ ባዶ ቦታ አይወድም አለችኝ፤ ዓይን ያላየውን እዚያ ሊኖር ይገባል ብሎ በሚያስበው ነገር ይሞላዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ቢም የሳለ አእምሮ በባዶው ቦታ ምን እንደሚስል አልጠየቅኳትም።

የሄደው አይመለስም። የቀረውን በጠብታ ማቆየት ይቻላል፣ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ። ከቤተሰብ ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ ወይ ስትል ሚስቴ አየችኝ። አለ አልኩ። የአባቴን ስም ጻፍኩላት፤ ከመስመሩ ውጭ ወጥቼ ነበር የጻፍኩት።

ስንወጣ ሚስቴ በግራዬ ገባች። ሌላ ጊዜ በቀኜ ነበር የምትሄደው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ዛሬ ለሥራ አስኪያጁ ልነግረው ነበር። በሩ ድረስ ሄድኩ። ስብሰባ ላይ ነው አሉኝ። ደስ አለኝ። ከሰዓት ደግሜ ሄድኩ። ብቻውን ነበር። የማተሚያ ወረቀት አልቋል ብዬው ተመለስኩ። አላለቀም ነበር።

ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ እናቴም ብትኖር ዛሬ አትቀበለኝም ነበር።

ዓርብ፣ መጋቢት 19

ነገርኩት።

ጠዋት፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ እንዳልሸሽ በሩን ራሴ ዘጋሁ። በአውቶቡስ ውስጥ ያሰናዳሁት ረዥም ንግግር ነበር፤ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ዘመን፣ ስለ ቴክኖሎጂ። ያ ሁሉ ጠፋና፣ "መስመሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሲጠፋም አላየሁም። ዓይኔ ከታች በግራ በኩል አያይም። ኮምፒውተሩ ያልኩት ውሸት ነው" አልኩት። የሐኪሟን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

ወረቀቱን ረዥም ጊዜ አነበበው። ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ ጠየቀኝ። ከእሑድ ጀምሮ ነው ማለት ይቻል ነበር። ከእሑድ ጀምሮ በእርግጥ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ማወቅ ባለመፈለግ አልኩት። ስለ ኢንጂነሯ ስምንት ቀን ዝም ማለቴን ሲያነሳ ግን መልስ አልነበረኝም። መልስ ካጣሁ ያኔ ነው ማርጀቴ ብዬ ጽፌ ነበር መሰለኝ። እንግዲህ ዛሬ አረጀሁ።

ተቆጥቷል። አልጮኸም። ስንት ሌሎች ሥዕሎች በዚህ ዓይን እንደወጡ ጠየቀኝ። ያለፈውን ሁለት ዓመት ሥራዬን ሁሉ ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ ጥግ በጥግ ሊፈትሸው ነው። ሥራዬ ይቀጥላል አይቀጥልም አልነገረኝም። በሩ ጋ ስደርስ፣ "ጋሼ፣ ቢነግሩኝ ኖሮ ምን የማደርግዎት መስሎዎት ነው?" አለኝ። ጠረጴዛዬን እንዳወጣህ አስወጥተኸኝ ነበር ልለው ፈለግኩ። አላልኩም። እውነት መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ኢንጂነሯ ጋ ሄድኩ። ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሚስቴ አብራኝ ልትመጣ ስትል እምቢ አልኩ፤ ይህን ደረጃ ብቻዬን ልወጣው ይገባል አልኳት። በጣም የሚያምር አነጋገር ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ መርገጫ ሳትኩና በጉልበቴ ደረስኩ። የታችኛው ጎረቤት በሩን ከፍቶ፣ ጸሎት ላይ ነዎት? አለኝ።

እናቷ በር ከፈተችልኝ። ያወቀችኝ ይመስላል፤ ግቡ አላለችኝም፣ መንገዱን ለቀቀችልኝ ብቻ። ኢንጂነሯ ስሌት ሠርታ የሞላችው ወረቀት በየቦታው ተበትኗል። የጤና ጣቢያውን እንደገና ከመጀመሪያው እያሰላች ነበር። ማንም ሳያዛት፣ ቤቷ እንድትቀመጥ ተብላ እያለች።

አልተቀመጥኩም። ሁሉንም ነገርኳት፣ ዓይኔንም፣ የሰረዝኩትን ቀጠሮም፣ በስብሰባው ላይ ያልኩትንም። ለሥራ አስኪያጁ መናገሬን መጨረሻ ላይ ነው ያነሳሁት፤ ምስጋና እንዳይመስል ፈርቼ። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። እንደምታለቅስ ወይም እንደምታባርረኝ ጠብቄ ነበር፤ ለሁለቱም ተዘጋጅቻለሁ።

ወረቀቶቿን ሰብስባ ደረደረች። ከዚያ፣ "እኔም አላየሁትም፣ ጋሼ" አለችኝ። "የኔ ዓይን ደግሞ ደህና ነው።"

የእርስዎ መስመር ስለሆነ ሳላይ ፈረምኩ አለችኝ፤ ለዚህ ማንንም አልከስም፣ ግን ስብሰባው ላይ ብቻዬን ቆሜ ነበር፣ እሱን እስክረሳው ጊዜ ይወስድብኛል አለች። ይውሰድ አልኳት። እንደ በፊቱ አልሸኘችኝም። ግን ደረጃው ላይ መብራቱን ከላይ ሆና አበራችልኝ፣ እስክወርድም አላጠፋችውም።

ሰኞ፣ መጋቢት 29

ተመለሰች። የድጋፍ ደብዳቤው ለጊዜው አልተጻፈም፤ ሥራ አስኪያጁ ይህ ሥራ ሲያልቅ አያለሁ ብሏታል። ሰላምታ ሰጠችኝ፣ ወደ ሥራዋ ሄደች። በቀኜ በኩል ነው የቆመችው። አስተውያለሁ።

አዲስ ትእዛዝ ወጣ፦ የማንም ሥዕል፣ የማንም ይሁን የማን፣ ሌላ ሰው ጥግ በጥግ ሳያየው አይፈረምም። የማንም የሚለው ሁለቴ ተጽፏል። ሁለተኛው ለኔ ነው መሰለኝ።

እኔን አላባረሩኝም። ሙሉ ፕላን አልስልም፤ የሚሰጠኝ ቁራጭ ቁራጩ ነው፣ አንድ የምሰሶና የቢም መጋጠሚያ፣ አንድ የፌሮ አጠማመም፣ አንድ የደረጃ መርገጫ። የአንድ ዓመት ውል። ረዥም ማስመሪያ ከነበርኩ አሁን ባለ ስድስት ኢንቿ ሆኛለሁ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

የሚያሳፍር ነገር ልጻፍ። ኮምፒውተሩን ወደድኩት።

ወረቀት ቢሆን ኖሮ አልቆልኝ ነበር። ወረቀት በተዘረጋበት ነው፤ ያላየኸውን ጥግ አንስቶ አያሳይህም። በዚህ ግን ሥዕሉን ጎትቼ ማየት ወደምችልበት መሐል አመጣዋለሁ፣ አንዱን የፌሮ ጫፍ ክንዴን እስኪያህል አተልቀዋለሁ፣ ገልብጬ አየዋለሁ፣ የጥያቄውን መስመር እንኳ ከግርጌ አንስቼ ወደ ላይኛው ቀኝ ጥግ ወስጄዋለሁ። ለካ ይወሰዳል። ሁለት ወር ሙሉ የሰደብኩት ማሽን ካለኝ ዓይን ጋር ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ ብቸኛው የቢሮ ባልደረባዬ ነው። ይቅርታ ልጠይቀው አሰብኩና ሰው እንዳይሰማኝ ተውኩት።

ጠብታውን ሚስቴ ናት የምታደርግልኝ። ራሴ ስሞክር ጆሮዬ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ጠዋት ጭንቅላቴን ወደኋላ ይዛ፣ "አትንቀሳቀስ፣ መርፌ ላስገባ ነው" አለችኝ። ልማድ ሆኖባት ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

የመጀመሪያ የቁራጭ ሥዕሎቼን ትናንት ለኢንጂነሯ አስረክቤ ነበር። አራት ወረቀት ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ መልሳ አመጣቻቸው። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጅታባቸዋለች፤ በስሱ ግድግዳ በኩል ወረቀት ሲገለበጥ ስሰማ ነበር።

ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋቻቸው። በቀይ እስክሪብቶ የተከበበ ነገር ሞልቷቸዋል። አንዱን ቆጠርኩ፣ ሌላውን ቆጠርኩ። ጎትቼ፣ አዙሬ፣ ጥግ በጥግ። አሥራ አንድ ነው።

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ማንም በሥዕሌ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አኑሮ አያውቅም። እኔ የምኮራበት ነገር ነበር። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አየኋቸው። የፌሮ ቁጥር የተዘለለበት፣ ልኬት የተደገመበት፣ ቀስት የሌላውን ብረት የሚያሳይበት። ከታች በግራ በኩል የነበረው ሁለቱ ብቻ ነው። የቀሩት ዘጠኙ ዓይኔ ደህና አድርጎ በሚያይበት ቦታ ነው ያሉት።

እሷ እጆቿን አጣምራ ቆማ እየጠበቀች ነበር። ልትጣላኝ ነው ወይስ ልታጽናናኝ፣ ፊቷ አይለይም።

"በስምንቱ ትክክል ነሽ" አልኳት። "በሦስቱ ግን አልስማማም።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። "የትኞቹ ሦስት?" አለችና እስክሪብቶዋን ከፈተች።